ዋጋ ስትጠሪ ድምፅሽ አይጥፋ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከኮተቤ የመጣ ነው፣ ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ፀሐፊዋ እንዳትቀየሚኝ።

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አጥቼ እቤት ነኝ። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፣ ስፌት የተማርኩት ከሷ ነው፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ስሰፋ ስሰፋ አሁን 14 ሙዳይ፣ 6 ሰፌድ፣ 2 አገልግልና አንድ ትልቅ መሶብ ከነክዳኑ አለኝ። መሶቡን ብቻ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው የሰፋሁት። አንድ ሙዳይ በቀን አራት አራት ሰዓት እየሰራሁ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ጓደኛዬ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜና እሁድ ባዛር አለ፣ 2,000 ብር ከፍለሽ ለሁለቱ ቀን ጠረጴዛና ድንኳን ታገኛለሽ ተባልኩ። መርካቶ የሚያውቀን ነጋዴ ደግሞ ሁሉንም ልውሰድልሽ ብሎኛል፣ የሚሰጠኝ ግን እንኳን ለድካሜ ለስፌት ሳሩ ለአክርማውና ለቀለሙም አይበቃ። እናቴ ‹ስፌት ለቤት እንጂ ለገበያ አይሰፋም፣ ልጇን ጉልት አስቀመጠች ሊሉኝ ነው› ብላ ተቆጥታለች። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍራለሁ፣ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁኝ አፌ የሚከፈት አይመስለኝም። ስንት ልበል? ቢከራከሩኝስ? አንድም ሳልሸጥ ብመለስስ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁ፣ በአንቺ እንዳይመስልሽ በራሴ ነው። እኔም በአንቺ ዕድሜ ዳንቴል እሰራ ነበር፣ ኪሮሽ ከእጄ አይወጣም፣ ለሶፋ ለጠረጴዛ ለቴሌቪዥን ልብስ የማልሰራለት ነገር አልነበረም (ያኔ ቴሌቪዥንም ይለብስ ነበር)። አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ በተዘጋጀ ባዛር ላይ አወጣሁት። የመጀመሪያዋ ሴትዮ መጣች፣ ከሁሉም የሚያምረውን፣ አንድ ወር ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁበትን የጠረጴዛ ልብስ አንስታ ስንት ነው አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «እንደፈለግሽ»። በቃ፣ እንደፈለገች ከፈለችኝ። የክሩን ዋጋ እንኳን አልሸፈነም፣ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘኋት። ማታ እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ የተናደድኩት ግን በሷ አልነበረም፣ ዋጋ ጥሪ ተብዬ ዋጋ ያልጠራሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከጠየቅሽኝ ሁሉ ከባዱ «ስንት ልበል» ነው፣ ሌላው ቀላል ነው። ከሱ እንጀምር።

አካውንቲንግ ተምረሻል አይደል? ታዲያ ለሰው ድርጅት ኮስት ማስላት የምትችይ ልጅ ለራስሽ ሙዳይ ለምን አታሰይም? ነይ አብረን እንስራው። አንድ ሙዳይ ሦስት ቀን በቀን አራት ሰዓት፣ 12 ሰዓት ማለት ነው። ለሰዓትሽ 40 ብር እንስጠው እንበል፣ ለምሳሌ ነው የምልሽ፣ ትንሽ ነው ካልሽ ጨምሪው፣ ግን ዜሮ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አብዛኛው ሴት ዜሮ ብላ ነው የምትጽፈው፣ «እቤት ቁጭ ብዬ አይደል የሰራሁት» ትላለች፣ እቤት ቁጭ ማለት በነፃ ነው ያለው ማነው? 12 በ40 ሲባዛ 480 ብር። አክርማው ስንደዶው ቀለሙ 100 ብር ይሁን፣ 580 ሆነ። አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር መጣ፣ የቦታው 2,000 ብር አለ፣ ለሁለት ቀን መሄጃና መመለሻ 600 ብር ብንል 2,600 ነው። ይሄን ለ22ቱ ትንንሽ ዕቃዎች ብታካፍይው ለእያንዳንዱ ወደ 120 ብር ይደርሳል፣ ግን እንደዛ አታካፍይው፣ ምክንያቱም ሁሉም አይሸጥም። ግማሹ ቢሸጥ ብለሽ ለ11 አካፍይው፣ 240 ብር ገደማ ይመጣል። 580 ላይ 240 ስትጨምሪ 820። ይሄ ወለልሽ ነው፣ ከዚህ በታች ሙዳይዋ ወደ ቤቷ ትመለስ፣ አትበላሽ አትሻግት፣ ምን አስቸኮለሽ? እና 820ን ይዘሽ 950 ብለሽ ትጠሪያለሽ፣ ሰዋችን ደግሞ ሳይከራከር ከገዛ የተሸወደ ነው የሚመስለው፣ ያቺ 130 ብር የክርክሩ ናት፣ እሱም ደስ ይለዋል አንቺም አትጎጂም።

ለሰፌዱም ለአገልግሉም እንደዚሁ አስልተሽ ትንሽ ደብተር ላይ ሁለት ሁለት ቁጥር ፃፊ፣ የምትጠሪውንና የማታልፊውን። አገልግል ላይ የቆዳውን ዋጋ እንዳትረሺ፣ ቆዳ የሚያለብስልሽ ሰው የወሰደው ብር አለ። ደብተሩን ለማንም አታሳዪ። ቦታው ላይ ተቀምጠሽ ሰው ከፊትሽ ቆሞ እየጠበቀሽ ሒሳብ አይሰራም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

አሁን ልምምድ። እንዳትስቂብኝ፣ መስታወት ፊት ቁሚና «950 ብር» በይ። ከዛ ዝም በይ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ! እኛ ሴቶች ዋጋ ስንጠራ አፋችን አያርፍም፣ «950 ነው... ግን ያው እንነጋገራለን... ካልሆነም 800... ለአንቺማ...» ገዢዋ ገና አፏን ሳትከፍት እኛው ተከራክረን እኛው ቀንሰን ጨርሰናል። 950 ብር፣ ነጥብ። ትይው፣ ከዛ ስፌትሽን ቀጥይ። ታናሽ ወንድም ወይ እህት ካለሽ ገዢ ሆኖ ይፈትንሽ፣ ክፉ ገዢ ይሁን፣ ይነጫነጭብሽ።

ክፉ ገዢ ምን ይላል? «ውይ መርካቶ በ300 አይደል እንዴ የሚሸጠው» ይልሻል። አትናደጂ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል እኮ፣ መርካቶ በርካሽ የሚሸጥ ስፌት አለ፣ ብዙው ግን ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክርና በሰው ሰራሽ ክር የተሰፋ ነው፣ እሱ ሌላ ዕቃ ነው። ቢቻልሽ አንድ የክር ሙዳይ ገዝተሽ ጠረጴዛው ስር አስቀምጪ፣ እንደዚህ ያለ ሰው ሲመጣ ሁለቱንም እጁ ላይ አስይዢው። አፍ አያስፈልግም። የሳሩን ቢያሸተው የሳር ሽታ አለው፣ ቢጫነው ይጠጥራል፣ ልዩነቱን ጣቱ ያውቀዋል። ሌላዋ ደግሞ «እኔም እኮ እችልበታለሁ፣ ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ» ትላለች፣ እሷን ውደጃት፣ «እሰይ፣ ታዲያ ድካሙን የሚያውቅ አገኘሁ» በያት፣ ከዛ በኋላ ዋጋ ለማውረድ ታፍራለች። «የመጨረሻው ስንት ነው» የሚልሽን ደግሞ ስንት መግዛት እንደሚፈልግ ጠይቂው፣ ሁለት ሦስት ከሆነ ትቀንሻለሽ፣ አንድ ከሆነ 900 በይው። ከዛ ደግሞ ምርቃት የሚባል ነገር አለ፣ ሰው 50 ብር ከምትቀንሽለት አንዲት ትንሽ ነገር ብትመርቂለት የበለጠ ደስ ይለዋል፣ ስለዚህ ከትርፍራፊ አለላ (ቀለም ከተነከረው አክርማ) የቁልፍ መያዣ፣ የስኒ ማስቀመጫ፣ ጣት የምታህል ነገር ሰፍተሽ በከረጢት ያዢ።

ዲያስፖራ መጣ ብለሽ ግን ዋጋውን እጥፍ እንዳታደርጊ። ከገና እስከ ጥምቀት ከውጭ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ባዛር ይወዳል፣ ይገዛል። ግን አጠገቡ አክስቱ ቆማ ሁሉን ትሰማለች፣ ቅድም ለሌላ ሰው በ900 ስትሸጪ ያየች ሴትዮም እዛው አካባቢ ትዞራለች፣ አንዴ ስምሽ ከጠፋ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ለነሱ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር ነው፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ። ሻንጣቸው 23 ኪሎ ነው፣ በርበሬውና ሽሮው ይዞታል፣ መሶብሽን ቢወዱት እንኳን የት ያድርጉት? ጠፍጣፋ ሰፌድ ግን ልብስ መሀል ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ትንሿ ሙዳይ ትልቋ ውስጥ የምትገባ ከሆነ አስገብተሽ አሳዪያቸው። በነገራችን ላይ የሳር ዕቃ ይዞ አንዳንድ አገር ሲገባ ዲክሌር ማድረግ ግዴታ ነው፣ አውስትራሊያ በተለይ ጥብቅ ናቸው፣ ነፍሳት ካገኙበት ይወስዱታል፣ ስለዚህ ከባዛሩ በፊት ሁሉንም ፀሐይ ላይ አውጥተሽ በደንብ አራግፊው፣ ነቀዝ የነካው ካለ ቤት ይቅር። ፀሐዩን ግን አታብዢው፣ ቀለም ይበላል።

ቀለም ካነሳን፣ ነጭ ጨርቅ ውሃ ንክር አድርገሽ እያንዳንዱን ዕቃ ጠረግ አድርጊው። ቀዩ አለላ ይለቃል፣ ሁልጊዜ እሱ ነው ጉድ የሚሰራው። የሚለቅ ከሆነ ለገዢው ንገሪው፣ «ይሄ ለጌጥ ነው፣ እርጥብ ነገር አታስቀምጪበት» በይ። ሰርገኛ ሊበላ ነጭ እንጀራ ላይ ቀይ ቀለም የታተመ ቀን ስልክሽ አያርፍም።

ወደ ቦታው ምርጫ ስመጣ፣ የትምህርት ቤቱን ባዛር ውሰጂው፣ ሳታቅማሚ። ትልልቆቹ የበዓል ባዛሮች ኪራያቸውም ጫጫታቸውም ለጀማሪ አይሆንም፣ ከግራሽ ሳውንድ ሲስተም ከቀኝሽ የምንጣፍ ማስታወቂያ፣ ሙዳይ ማን ያያል? ከመክፈልሽ በፊት ግን አዘጋጆቹን ሦስት አራት ነገር ጠይቂ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው፣ ቲን ነምበር ይፈልጋሉ ወይ፣ ማታ ዕቃው ተቆልፎ ያድራል ወይስ ተሸክመሽ ትመለሻለሽ፣ ድንኳንሽ የቱ ጋር ነው። በተለይ የመጨረሻው። መግቢያው በር ላይ ጥሩ ይመስላል ግን ሰው ገና ሲገባ አይገዛም፣ «ዞረን እንመጣለን» ብሎ ያልፋል፣ ተመልሶም አይመጣም። ቡና የሚፈላበት አካባቢ ከተገኘ እሱ ነው ቦታ፣ ሰው ቁጭ ይላል፣ ዓይኑ ይዞራል። ደረሰኝ ሳትቀበይ 2,000 ብር እንዳትሰጪ። መንገድ ዳር አነጥፌ ልሞክር እንዳትይ ደግሞ፣ ደንብ አስከባሪ የወሰደውን ስፌት ማስመለስ ከመስፋቱ ይከብዳል።

ነጋዴውን በክብር መልሺው፣ አትጣዪው። አንድ ቀን በብዛት ልትፈልጊው ትችያለሽ፣ ደግሞ እሱም ልክ ነው፣ የሱቅ ኪራይ አለበት የሚያተርፈው አለ። ቁጥርሽን ካወቅሽ በኋላ ሄደሽ «በዚህ ዋጋ ካልሆነ አያዋጣኝም» ብትይው አሁን ካለው ሊጨምርልሽ ይችላል፣ አሁን ግን አንቺው ራስሽ ስንት እንደሚያዋጣሽ ሳታውቂ እንዴት ትደራደሪያለሽ? በአደራ ተዪውና ሲሸጥ እከፍልሻለሁ የሚል ሱቅ ካጋጠመሽ ግን ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ጊዜ የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አሥራ ሁለት ዳንቴል በቃል ብቻ ሰጥቼ ከአምስት ወር በኋላ ስሄድ ሁለቱ የሉም፣ የቀሩት መስኮት ላይ ፀሐይ በልቷቸው ቢጫ ሆነዋል፣ «አልሄደም እህቴ» ተብዬ በፌስታል ተመለሰልኝ። ስንት እንደሰጠሽ፣ በስንት፣ እስከ መቼ፣ ቢበላሽ ማን ይከፍላል፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት ይኑርሽ፣ ፎቶም አንሺ።

መሶቡን አምጪው ግን ለመሸጥ አትጓጊ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የተሰፋ መሶብ በትምህርት ቤት ባዛር የሚገዛ ሰው ብዙም የለም፣ ዋጋውን በትክክል ብታሰይው ራስሽም ትደነግጫለሽ። ግን መሶቡ ሰው ይጠራልሻል። መሀል ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ውይ ይላል፣ ከዛ ዓይኑ ወደ ሙዳይዋ ይወርዳል፣ 950 ድሮ ውድ የነበረው አሁን ቅናሽ ይመስለዋል። ደግሞ ከገና በኋላ ጥር ነው፣ ሰርጉ ሁሉ የሚጎርፍበት ወር፣ ልጇን የምትድር እናት መሶቡን አይታ «ለጥር ይደርሳል ወይ» ብላ ብትጠይቅሽ አይደርስም በያት፣ በአንድ ወር መሶብ እሰፋለሁ ብለሽ እንዳትገቢ፣ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆንብሻል። «ይሄው የተዘጋጀ አለ፣ ካልሆነ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ልያዝልሽ፣ ግማሹን ቀብድ ስጪኝ» በያት። ቀብድ ሳትቀበይ አንዲት ስንደዶ እንዳትነኪ።

ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እንዳትተዪው አደራ። ሰው ቁልቁል እያየ አይገዛም፣ ሰፌድ ደግሞ ተኝቶ አያምርም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪዎች ቤት ገብተሽ ታውቂ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሎ ነው የሚያስጌጠው፣ ገና ስትገቢ ዓይንሽ ይሞላል። አንቺም የድንኳኑን ጀርባ ነጭ ነጠላ ጋርጂበትና ስድስቱን ሰፌድ ስቀይ፣ ነጭ ላይ አለላው ይጮሃል። ሙዳዮቹን በአንድ ጊዜ 14ቱንም አትደርድሪ፣ አምስት ስድስት አውጥተሽ ሌላውን ስር አድርጊው፣ የተከመረ ነገር ርካሽ ይመስላል። አንድ ሲሸጥ አንድ አውጪ። ፀሐዩ ከዞረ ደግሞ አንቺም ዙሪ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ቀለም አይምርም።

ከሁሉ በላይ ግን እየሰፋሽ ተቀመጪ። ስልክ እየነካካሽ እንዳትቀመጪ! ወስፌሽንና የራሰ አክርማሽን ይዘሽ አንድ የተጀመረ ነገር ስፊ። ሰው የሚሰራ እጅ ሲያይ ይቆማል፣ ሕፃናት ይከቡሻል፣ እናቶቻቸው ይከተላሉ፣ «ይሄ ምንድነው፣ ስንት ቀን ይፈጃል» ይሉሻል፣ ሦስት ቀን ስትይ ዋጋውን ራሱ ነገረልሽ። ለአንቺ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ እንደ አንቺ የምታፍር ሰው እጇ ሥራ ከያዘ ዓይኗን የት እንደምትጥል አይጨንቃትም። ዲዛይኔን ፎቶ አንስተው ቢሰርቁኝስ የሚል ስጋት ይመጣብሽ ይሆናል፣ ተዪው፣ ጥልፉን እናትሽ ከእናቷ አይታ እንጂ ፓተንት አላወጣችበትም። ያነሱትን ሰዎች «ፖስት ካደረግሽው ስልኬን ፃፊበት» በያቸው። ስልክሽን ደግሞ በትንንሽ ካርቶን ጽፈሽ በአለላ ቋጥረሽ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንጠልጥይ፣ የቴሌግራም ቻናል ምናምኑ ከባዛሩ በኋላ ይደርሳል፣ አሁን ጭንቅላትሽን አያዙረው።

ስለ ብር። ዝርዝር ያዢ፣ ጠዋት የሚመጣው ሁሉ ድፍን 200 እየመዘዘ ነው፣ ቢያንስ የ1,000 ብር ዝርዝር በ50ና በ100 ይኑርሽ፣ እሱም ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወገብሽ ላይ። ብዙው ሰው ግን በቴሌብር ወይ በባንክ ነው የሚያስተላልፈው፣ እና እዚህ ጋ ነው ማጅራት መቺው ያለው። ስክሪንሾት ብር አይደለም። «ይኸው ልኬልሻለሁ» ብሎ ስልኩን ፊትሽ ላይ የሚያውለበልበውን አትመኚ፣ ስልክሽ ላይ የገባውን መልእክትም ቢሆን ብቻውን አትመኚው፣ የውሸት መልእክት የሚልኩ አሉ፣ *127# ደውለሽ ወይ አፑን ከፍተሽ የራስሽ ሂሳብ ላይ መግባቱን እይ፣ ከዛ ዕቃውን ስጪ። «አላመንሽኝም እንዴ» ይልሽ ይሆናል። «አይ፣ ኔትዎርኩን ነው ያላመንኩት» በይው። ስልክሽ ቻርጅ ይኑረው፣ ፓወር ባንክ ከጎረቤት ተዋሺ።

ዘመድና ጎረቤት ይመጣል፣ «ለኛማ በነፃ ነው» ይላል። አንድ ቀድመሽ ለስጦታ የመደብሽው ካለ ስጪ፣ ሌላውን «ዛሬ የቤተሰብ ዋጋ 900 ነው» በይ። በዚህ ብዙ አልቆይም፣ የሁላችንም ቤት አንድ ነው።

አሁን እናትሽ። እሳቸውን አትኮንኛቸው፣ የሚሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ስፌት የቤት ልጅ ሙያ ነበር፣ ልጅቷ አክርማና ስንደዶ በመስከረም ለቅማ፣ ቀለም ነክራ፣ ሰፍታ፣ መሶቧ በሰርጓ ቀን ታይቶ ባለሙያ ናት ተብላ ትመሰገንበታለች፣ ለገበያ መስራት ደግሞ የሸክላ ሠሪው የቀጥቃጩ የሸማኔው ነበር፣ እነሱን ደግሞ አገሩ ምን ሲላቸው እንደኖረ አንቺም ሰምተሽዋል። በነሱ ምጣድ እየጋገረ፣ በነሱ ማረሻ እያረሰ፣ በነሱ ጋቢ ተከናንቦ ሲሰድባቸው የኖረ ሰው ነው እንግዲህ፣ ነውሩ የሰዳቢው እንጂ የሠሪው አልነበረም። እናትሽ የሚፈሩት ያንን ስድብ ነው፣ ለአንቺ ብለው ነው። አትከራከሪያቸው። ሂሳብሽን የጻፍሽበትን ደብተር አምጪና አንብቢላቸው፣ ለማንም አታሳዪ ያልኩሽ ለገዢ ነው፣ ለሳቸው አይደለም። 12 ሰዓት በ40 ብር ስትይ «እንዴ፣ የኔማ እጅ ከዚህ ይበልጣል» ሳይሉ አይቀሩም። ከዛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እማዬ አክርማው ሲሰነጠቅ እየተበጣጠሰብኝ ነው፣ አንዴ ብቅ ብለሽ አሳዪኝ» በያቸው። ለመሸጥ አይመጡም፣ ለማስተማር ግን ይመጣሉ። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ አንድ ገዢ መጥቶ 600 ሲል እሳቸው እንዴት እንደሚያባርሩት ቁጭ ብለሽ ታያለሽ፣ እኔ ከነገርኩሽ ሁሉ ከሳቸው የበለጠ ትማሪያለሽ።

አንድም ሳልሸጥ ብመለስስ ላልሽው፣ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ቅዳሜ ጠዋት፣ እስከ ስድስት ሰዓት ማንም ዞር ብሎ ላያይሽ ይችላል። ያኔ ዋጋ አውርጂ አውርጂ ይልሻል፣ እንዳትሰሚው። ደብተርሽን አውጪና ሰው የትኛውን እንዳነሳ፣ ስንት ሲባል እንዳስቀመጠ፣ ምን ብሎ እንደሄደ ፃፊ። «ክዳን ቢኖረው» ያሉ አራት ሰዎች ካሉ በሚቀጥለው ክዳን ሰፍተሽ ትመጫለሽ። «ቀለሙ በዛ» ካሉሽ ነጣ አድርጊው። ይሄን መርካቶ ያለው ነጋዴ አይነግርሽም፣ ለሱ የነገሩትን ለራሱ ነው የሚይዘው። እሁድ ሰው ከቤተክርስቲያን መልስ ይመጣል፣ የተለየ ቀን ነው። የመጀመሪያ ገዢሽ የመጣ ሰዓት፣ ማንም ይሁን ማን፣ የጠዋት ገዢ አይመለስም ይላሉ ነጋዴዎቹ፣ ወለልሽ ድረስ ወርደሽም ቢሆን ሽጪለት፣ ከወለልሽ በታች ግን ለሱም አይሆንም።

መሶቡን በሚኒባስ አትሞክሪው፣ ወያላው የመሶቡንም ሂሳብ ያስከፍልሻል፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ክርኑን ያስደግፍበታል። ከጓደኛሽ ጋር ተጋርታችሁ ላዳ ያዙ፣ 600 ብር ያልኩሽ ለዛ ነው። በርጩማ፣ ጃኬት፣ ለማታው ብርድ ጋቢ። እና ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ አንዱ ለአክርማው ማራሻ፣ አንዱ ለአንቺ፣ ብዙ ስለምታወሪ ጉሮሮሽ ይደርቃል።